ትምህርት አገርን ያበለጽጋል የሚለውን ሐሳብ እንዴት መመርመር ይቻላል

ትምህርት የዕድገት መሠረት ነው የሚለው አባባል የሁሉም ሰው አፍ ላይ ስላለ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይታለፋል። በቁም ነገር ሊመረምረው የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ «ትምህርት» የሚለውን ቃል ለሁለት ይክፈለው፤ አንዱ ልጆች በትምህርት ቤት ያሳለፉት ዘመን ነው፣ ሌላው በዚያ ዘመን የጨበጡት ዕውቀት ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረገው ስሌት መሠረት፣ በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ከሚገኙ የ10 ዓመት ልጆች 53 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም፤ ከእነዚህም የሚበዙት በትምህርት ገበታ ላይ ያሉ ናቸው።

ልዩነቱን በዓይን ለማየት፣ ለአንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ከመማሪያ መጽሐፉ ያልተወሰደ አጭር አንቀጽ መስጠት ይበቃል። ልጁ ጣቱን ከቃል ወደ ቃል እየገፋ እስከ መጨረሻው ያነበንበው ይሆናል። ወረቀቱ ተገልብጦ «ታዲያ ምን ይላል?» ተብሎ ሲጠየቅ ዝም ካለ ግን፣ በመዝገብ አራት ዓመት የተማረ ተብሎ የሚቆጠረው ይህ ልጅ ገና ማንበብ አልጀመረም ማለት ነው። የትምህርት ሽፋን አኃዝ ይህን ዝምታ አይመዘግብም፤ እኔም ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ስለዚህ አገሮችን ለማወዳደር ከተመዝጋቢዎች ብዛት ይልቅ የፈተና ውጤትን መመልከት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው ቲምስ የተባለ ዓለም አቀፍ ፈተና የአራተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን በሒሳብና በሳይንስ ይመዝናል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው ሌላው ዓለም አቀፍ ፈተና፣ ፒሳ፣ ደግሞ የ15 ዓመት ልጆችን በንባብ፣ በሒሳብና በሳይንስ ይፈትናል። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎቹ ኤሪክ ሃኑሼክና ሉድገር ቮስማን እንዲህ ያሉ ውጤቶችን ከአገሮች የረጅም ጊዜ ዕድገት ጋር አገናዝበው፣ ዕድገት ከትምህርት ዘመን ብዛት ይልቅ ከተጨበጠው ዕውቀት ጋር በጠነከረ ሁኔታ እንደሚያያዝ አሳይተዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የቱ ከየትኛው እንደቀደመ ነው፤ ሀብታም አገር ጥሩ ትምህርት ቤት መሥራት አያቅታትምና። የኢንዱስትሪ አብዮት በብሪታንያ የተጀመረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ በእንግሊዝ የሕዝብ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ለማስፋፋት የወጣው ሕግ ግን እ.ኤ.አ. የ1870 ነው። በደቡብ ኮሪያ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የተዳረሰው ገና ድሃ ሳለች ነበር፣ ፋብሪካዎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያም የተማረው ሰው የት እንደደረሰ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክን ያመጠቁ መሐንዲሶችን አፍርታለች፤ ይሁን እንጂ አዲስ ሐሳብ ያለው ሰው የራሱን ድርጅት አቋቁሞ ምርቱን ለገበያ የሚያቀርብበት መንገድ ዝግ ስለነበር፣ ያ ሁሉ ዕውቀት ወደ ሕዝቡ ጓዳ ሳይደርስ ቀረ። ኩባም እ.ኤ.አ. በ1961 ባካሄደችው ዘመቻ መሃይምነትን ክፉኛ ብታዳክምም ብልጽግና አልተከተላትም። ትምህርት ቤቱ ዘሩን ቢያዘጋጅ እንኳ፣ ብድርና ፍትሐዊ ሕግ የሌለበት መሬት አያበቅለውም።

ፈጠራን ደግሞ ከሀብት ለይቶ መመዘን ይገባል። የዩኒቨርሲቲ ምሩቃንን ብቻ የሚቆጥር ሰው ይሳሳታል፤ በዓለም አቀፉ የፈጠራ መለኪያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለዓመታት ቀዳሚ ሆና የቆየችው ስዊዘርላንድ፣ ከወጣቶቿ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የምታሠለጥነው በሙያ ትምህርት፣ በአብዛኛውም ሥራ ላይ እያሉ ነው። አዲሱን መሣሪያ ፈትቶ የሚገጥም ባለሙያ በሌለበት የተመራማሪው ንድፍ ወረቀት ላይ ይቀራል።

በመጨረሻም የጊዜውን ርቀት ማስላት ይገባል። ዛሬ አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ሥራ ላይ የሚሰማራው ከ12 እስከ 16 ዓመት ቆይቶ ነው፤ በዚያን ጊዜም አብዛኛው ሠራተኛ በቀድሞው ሥርዓት የተማረ ይሆናል። የዘንድሮን ዕድገት ከዘንድሮ ፈተና ጋር ማነጻጸር ስለማያስኬድ፣ የአሁኑ ገቢ ከ20 ዓመት በፊት ከተመዘገበው ውጤት ጎን ይቀመጥ።