ለትልቅ ዝግጅት የመንግሥት ገንዘብ ሲጠየቅ የሚሠሩ ስህተቶች

የግዛት መንግሥታት ትልልቅ ውድድሮችንና ኮንሰርቶችን ለመሳብ ከሚመድቡት በጀት ድርሻ የሚጠይቁ ማመልከቻዎችን ለዓመታት ገምግሜያለሁ። አብዛኞቹ የሚወድቁት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ተመልካቹን ሁሉ እንግዳ አድርገው ይቆጥራሉ።

10,000 ትኬት ተሸጠ እንበል። 7,000ውን የገዙት የዚያው ከተማ ነዋሪዎች ከሆኑ፣ ዝግጅቱ ባይኖርም ገንዘቡን በሌላ ቅዳሜ ሲኒማ ወይም ምግብ ቤት ያወጡት ነበር። ገንዘቡ ከኪስ ወደ ኪስ ዞረ እንጂ ወደ ከተማው አዲስ አልገባም። የቀሩት 3,000ም ቢሆኑ ይጣሩ፤ ለሠርግ መጥቶ በዚያው ጨዋታ ያየን ሰው ዝግጅቱ አላመጣውም። እባካችሁ፣ ትኬት ስትሸጡ የገዢውን መኖሪያ መዝግቡ፤ በሩ ላይም "ይህ ዝግጅት ባይኖር ትመጡ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ይህን የያዘ ማመልከቻ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም አምነዋለሁ። እኔም ጀማሪ ሳለሁ የተመልካቹን ቁጥር በአማካይ ወጪ አባዝቼ ሪፖርት ጽፌያለሁ። ገንዘቡ ተፈቀደ፤ በዓመቱ የግብር ገቢውን ስናይ የተባለው ጭማሪ የለም። ክሊኒክ ሊያድስ ይችል የነበረ ገንዘብ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በዝግጅቱ ግርግር ምክንያት ሳይመጣ የሚቀረውን እንግዳም ቁጠሩ። ለንደን እ.ኤ.አ. በ2012 ኦሎምፒክን ባስተናገደችበት ኦገስት፣ ብሪታንያን የጎበኙ የውጭ ሰዎች ከ2011 ኦገስት ያነሱ ነበሩ።

ወጪን አሳንሶ መገመት ሌላው ነው። የአውስትራሊያዋ ግዛት ቪክቶሪያ የ2026 የኮመንዌልዝ ጨዋታዎችን (በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች የሚሳተፉበትን የስፖርት ውድድር) ጂሎንግ፣ ቤንዲጎና ባላራትን በመሳሰሉ ከተሞች ልታካሂድ ስትነሳ ግምቱ 2.6 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። በጁላይ 2023 ወጪው 6 ቢሊዮን ሊያልፍ ይችላል ብላ ሰረዘችው፤ 380 ሚሊዮን ካሳም ከፈለች። ሎስ አንጀለስ ግን በ1984 ኦሎምፒክ በአብዛኛው በነበሯት ስታዲየሞች ተጠቅማ ከ200 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ተርፏታል። አዲስ ግንባታ የሚጠይቅ ማመልከቻ ሲመጣ ሁለቴ የማነበው ለዚህ ነው።

ደረሰኝ አትጣሉ። ቴክሳስ ውስጥ ከተማው 1 ዶላር ሲያስገባ ግዛቱ እስከ 6.25 ዶላር ይጨምርለታል፤ ሆኖም የሚከፈለው ከዝግጅቱ በኋላ፣ ወጪው በማስረጃ ሲረጋገጥ ነው። በጥሩ ሁኔታ የተካሄደ ውድድር ሒሳቡ በወቅቱ ስላልተሰበሰበ አዘጋጆቹ ከኪሳቸው ሲከፍሉ አይቻለሁ። ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ይህን ብቻ የሚሠራ አንድ ሰው መድቡ።