ኮምፒውተር አልነሳም ሲል ፋይል የሚያስበሉ ስህተቶች

ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ ማለት ፋይሎቹ ጠፉ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የተበላሸው ዊንዶውሱ ነው፤ ፎቶውም ጽሑፉም ዲስኩ ላይ እንዳለ ነው። ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያስነሳ ሌላ ሲስተም) ካለበት ፍላሽ አስነስቶ በትእዛዝ ኮፒ ማድረግ ይቻላል። እኔን የሚያሳዝነኝ ከብልሽቱ የተረፈ ፋይል በችኮላ ሲጠፋ ነው።

ችኮላው የሚጀምረው ጥገናን በማስቀደም ነው። ዊንዶውስን እንደገና መጫን የድሮውን ፋይል ሊደመስስ ይችላል። የዊንዶውስ የዲስክ መፈተሻ የሆነው "ቼክዲስክ"ም ቢሆን የሚያስተካክለው የዲስኩን መዝገብ እንጂ የእርስዎን ሰነድ አይደለም፤ እየደከመ ባለ ዲስክ ላይ ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል። መጀመሪያ ፋይሉ ይውጣ፣ ጥገናው ይደርሳል።

ከሁሉም የከፋው ግን ዲስክ ማምታታት ነው። ሊኑክስ ዲስኮችን ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ እያለ ይጠራቸዋል። ትናንት ኤስዲኤ የነበረው ዛሬ ሲነሳ ኤስዲቢ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመጠናቸው ይለዩዋቸው። "ኤልኤስቢኤልኬ" የሚለውን ትእዛዝ ሲሰጡ ዝርዝሩ ይመጣል፦ ለምሳሌ 500 ጊጋባይት ገደማ የሚለው የኮምፒውተሩ ዲስክ፣ 16 አካባቢ የሚለው ፍላሹ፣ 1 ቴራባይት የሚጠጋው መቀበያው፣ ማለትም ፋይሉ የሚገለበጥበት ዲስክ። ወረቀት ላይ ይጻፉት። ዲስክን እንዳለ በሚገለብጠው "ዲዲ" በሚባለው ትእዛዝ "አይኤፍ" ምንጩ፣ "ኦኤፍ" መድረሻው ነው። ሁለቱን ካገላበጧቸው ባዶው ዲስክ በሞላው ላይ ይገለበጣል። "እርግጠኛ ነዎት?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኢንተርን ከመጫንዎ በፊት መስመሩን ጮክ ብለው ያንብቡት።

ዲስኩን ማውንት ሲያደርጉም (ፋይሎቹ እንዲታዩ ሲከፍቱትም) ለንባብ ብቻ ይሁን። ዊንዶውስ በፈጣን ማስነሻው ምክንያት ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ቀርቶ ከሆነ፣ ሊኑክስ "አልጽፍበትም" ሊል ይችላል። አስገድዶ ለመክፈት አይታገሉ፤ ኮፒ ለማድረግ ማንበብ ይበቃል። በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ ባለ 48 አሃዙን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ቀድመው ያዘጋጁ።

ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ በተራ ኮፒ አይድከሙ። "ዲዲ"ም ካልታዘዘ በቀር መጀመሪያ ያጋጠመው የንባብ ስህተት ላይ ይቆማል። "ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው" የተባለው ፕሮግራም ጤነኛውን ክፍል ቀድሞ ያወጣና ወደ አስቸጋሪው በኋላ ይመለሳል። ታዲያ የት እንደደረሰ የሚመዘግብበትን ማፕ ፋይል ሳይሰጡ አያስጀምሩት፤ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት የሚቀጥለው በእሱ ነው። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያው ያጥፉትና ለባለሙያ ይስጡ።

የተሰረዘ ፋይል "ፎቶሬክ" በተባለው የፋይል ማግኛ ፕሮግራም ሲፈልጉ ውጤቱን እዚያው ዲስክ ላይ አያስቀምጡ። አዲሱ ፋይል ገና ባልተገኘው ላይ ይጻፍበታል። መቀበያው ፎርማት የተደረገበት ዓይነትም ፋት32 ከሆነ 4 ጊጋባይት የሚሞላ ቪዲዮ አይቀበልም፤ ኤክስፋት ይሻላል።

ኮፒው አለቀ ብለው መቀበያውን ነቅለው አይውሰዱ። ስክሪኑ ላይ ያለቀ የሚመስለው ገና ሚሞሪ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ "ዩማውንት" (umount) ብለው ትእዛዙ እስኪጨርስ ይጠብቁ። ከዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ጥቂት ፎቶና ሰነድ ከፍተው ይዩ። ስሙ ብቻ መታየቱ አይበቃም። ሲከፈቱ ካዩ በኋላ የድሮውን ዲስክ ፎርማት ማድረግ ይችላሉ።