ተርቡለንስን ለሚያጠኑ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች ከበሬሳ ወንዝ እስከ ፀሐይ ንፋስ

ደብረ ብርሃን ላይ ሆኖ ተርቡለንስ (የፈሳሽና የጋዝ የተዘበራረቀ፣ አዙሪታማ ፍሰት) ማጥናት የጀመረ ተማሪ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ስህተት የሚሠራው ከመጽሐፍ ሠንጠረዥ ቁጥር ሲገለብጥ ነው። የአየር ኪነማቲክ ቪስኮሲቲ (የውስጥ ሰበቃው በጥግግቱ ሲካፈል የሚገኘው) በሰከንድ 1.5×10⁻⁵ ካሬ ሜትር ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ ግን የባሕር ጠለል አየር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሯ ስስ ነው፤ ጥግግቱ በሜትር ኩብ ወደ 0.9 ኪሎግራም ስለሚወርድ ቪስኮሲቲው ወደ 2×10⁻⁵ ይጠጋል። ካልታረመ የሬይኖልድስ ቁጥር (የፍሰቱ ፍጥነትና መጠን ተባዝተው በቪስኮሲቲው ሲካፈሉ የሚገኘው) በሲሶ ያህል ተጋንኖ ይወጣል። ግፊቱንና ሙቀቱን ለክቶ ጥግግቱን ማስላት ቀላል ሥራ ነው፤ አይዝለል።

ሁለተኛው፣ የእውነቱን ፍሰት እንዳለ በኮምፒውተር አሰላለሁ ብሎ መነሳት ነው። በክረምት የበሬሳ ወንዝ ግማሽ ሜትር ጠልቆ በሰከንድ 1 ሜትር ቢፈስ የሬይኖልድስ ቁጥሩ ከ400,000 ያልፋል፤ ትንሿ አዙሪት የሚሊሜትር ሦስት መቶኛ ያህል ትሆናለች። ይህን በቀጥታ ለማስላት ወደ 5 ትሪሊዮን የሚጠጉ ነጥቦች ያስፈልጋሉ። በየአቅጣጫው 512 ነጥብ ብቻ ሲደረግ እንኳ አንዱ ተለዋዋጭ 1 ጊጋባይት ይይዛል፤ ሦስቱ የፍጥነትና፣ ፍሰቱ ፕላዝማ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጋዝ) ሲሆን፣ ሦስቱ የማግኔት መስክ ክፍሎች ከ6 ጊጋባይት ያልፋሉ፤ በስሌቱ መሐል የሚያስፈልገው ማኅደር ገና አልተቆጠረም። በ128 ጀምሩ። ትልቁ የሞገድ ቁጥር (2π ስሌቱ በሚይዛት ትንሿ ሞገድ ርዝመት ሲካፈል) በትንሿ አዙሪት መጠን ሲባዛ ቢያንስ 1.5 መሆኑን አረጋግጡ። ካልሆነ ኃይሉ የሚበተንበት አጥቶ ስፔክትረሙ (ኃይሉ በየአዙሪቱ መጠን እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳየው ግራፍ) ጫፍ ላይ ይከመራል፤ ያንን ክምር አዲስ ግኝት አድርጎ የሚያቀርብ ተማሪ ጥቂት አይደለም።

መብራትም ይሄዳል። ስሌቱ በየ30 ደቂቃው ያለበትን ደረጃ ያስቀምጥ፣ ግን በአንድ ፋይል ላይ እየደጋገመ አይጻፍ። መብራቱ የሄደው ፋይሉ በመጻፍ ላይ ሳለ ከሆነ አሮጌውም አዲሱም አብረው ይበላሻሉ። ሁለት ፋይሎች በየተራ ይጻፉ።

የጠፈር መረጃ የግድ ውጭ አገር ሄዶ የሚገኝ የሚመስላቸው አሉ። የናሳ የመረጃ ድረ ገጽ ሲዲኤዌብ የፀሐይ ንፋስን (ከፀሐይ የሚፈልቀውን ፕላዝማ) የሚለኩትን የዊንድንና የፓርከር ሶላር ፕሮብ መንኮራኩሮችን ልኬት በነፃ ይሰጣል። እዚያ የሚያጋጥመው ወጥመድ ሌላ ነው፦ መረጃ በጎደለበት ቦታ የሚቀመጠው −1×10³¹ ቁጥር። አንዷ ሳትወገድ ብትቀር ስፔክትረሙ በሙሉ ዋጋ የለውም። ክፍተቱን ቀጥ ባለ መስመር መሙላትም ከፍተኛውን ፍሪኩዌንሲ ያዳክምና ቁልቁለቱን ከእውነቱ በላይ ያሾለዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን የስፔክትረሙን −5/3 ቁልቁለት እንደ ተርቡለንስ ማኅተም መቁጠር ነው። ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1941 ካቀረበው ሐሳብ የሚወጣው ይህ ቁልቁለት ተርቡለንስ ሲኖር ይታያል፤ ቁልቁለቱ ስለታየ ብቻ ተርቡለንስ አለ አይባልም። ሌላው ሁሉ ጸጥ ብሎ መረጃው ውስጥ አንድ ድንገተኛ ዝላይ ቢኖር ስፔክትረሙ በ−2 ይወርዳል። መጀመሪያውና መጨረሻው የማይገጥም ተከታታይም እንዲሁ ያታልላል፤ ስለዚህ አማካዩንና ቀጥተኛ ዝንባሌውን ቀንሳችሁ በሃን መስኮት (ጫፎቹን ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ በሚያወርድ ክብደት) አባዙት። ለፕላዝማ ኢሮሽኒኮቭና ክሬይክናን ያመጡት −3/2ም አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 0.17 ገደማ ነው፤ የ±0.1 ስህተት ይዞ በአጭር ክልል ላይ የተሰመረ መስመር አንዱን ከሌላው አይለይም። ስፔክትረሙን በፍሪኩዌንሲ 5/3ኛ ርቢ አባዝታችሁ ሳሉት። እውነት ጠፍጣፋ የሆነው ክልል ምን ያህል አጭር እንደሆነ ያኔ ዓይናችሁ ያየዋል።

መንኮራኩር በጊዜ የለካችውን ወደ ርቀት ለመቀየር የቴይለርን ግምት (አዙሪቶቹ ሳይለወጡ በንፋሱ ተወስደው መንኮራኩሯን ያልፋሉ የሚለውን) ሳይመረምሩ መጠቀምም ያሳስታል። ምድር አካባቢ የፀሐይ ንፋስ በሰከንድ 400 ኪሎሜትር፣ የአልቬን ፍጥነት (የማግኔት መስክ ሞገድ በፕላዝማው ውስጥ የሚጓዝበት) 50 ያህል ስለሆነ ያስኬዳል፤ 1 ኸርዝ 400 ኪሎሜትር ይሆናል። ፓርከር ግን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 የአልቬን ፍጥነት ከንፋሱ ወደሚበልጥበት ክልል ገብታለች። እዚያ ግምቱ በቀድሞው መልኩ አይሠራም፤ ሁለቱን ፍጥነቶች ጎን ለጎን ሳትስሉ አትቀጥሉ።

በእኛ ሰማይ ላይ ያለው ፕላዝማም ቸል ሊባል አይገባም። ማግኔታዊው የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በአዮኖስፌር (በላይኛው ከባቢ አየር ባለው የፕላዝማ ንብርብር) የሚነሱት፣ ፕላዝማው የሳሳባቸው አረፋዎች የጂፒኤስን ምልክት ያንቀጠቅጣሉ። እዚህ ላይ የሰዓት ስህተት ሥራ ያበላሻል፦ መረጃው ላይ 16:00 የተባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት አይደለም። ሌላው ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። አንቴናው አጠገቡ ከቆመ ከብረቱ የሚንጸባረቀው ምልክት የአረፋ መንቀጥቀጥ ይመስላል። ከአድማስ በላይ ከፍታቸው ከ30 ዲግሪ ያነሰውን ሳተላይቶች ተዉ፤ የቀረውንም ከማግስቱ ጋር አስተያዩ። ያው መንቀጥቀጥ በዚያው ሳተላይት ላይ 4 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ከተደገመ፣ የመጣው ከጣሪያው ነው።