ለቀብር አበባ ከመግዛትዎ በፊት፦ በየሃይማኖቱ ያለው ልማድ

በእኛ ዘንድ ለቅሶ የሚደርስ ሰው አበባ ይዞ ባይሄድ ማንም አይታዘበውም። በውጭ አገር ግን የሥራ ባልደረባ ወይም ጎረቤት ሲያርፍ፣ አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚያስበው አበባ መላክን ስለሆነ፣ ሳይጠይቁ ቢገዙ ሐዘንተኛውን ሊያሳፍሩ ይችላሉ።

መጀመሪያ የሐዘን ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። በአሜሪካ ቤተሰቡ በአበባ ፈንታ ለአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ እንዲሰጥ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ በመጨረሻው መስመር ላይ ነው፤ ይህ ከተጻፈ፣ «የእኔ አንድ እቅፍ ምን ይጎዳል» ሳይሉ እንደተባለው ያድርጉ። ካልተጻፈ ደግሞ ሐዘንተኛውን ከማስቸገር የቀብር አስፈጻሚውን ይጠይቁ።

ቀጥሎ የሟቹን እምነት ይወቁ። አይሁዳውያን ለቀብር አበባ የማድረግ ልማድ የላቸውም፤ ቀብሩ ይፈጥናል፣ ቤተሰቡም ሺቫ ለሚባለው የሰባት ቀን ሐዘን ይቀመጣል፤ በዚያ ጊዜ ምግብ መውሰድ የተሻለ ሲሆን፣ ኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ የምግብ ሕግ የተፈቀደ፣ መሆን እንዳለበት አስቀድመው ያረጋግጡ። መቃብር የሚጎበኝም በአበባ ፈንታ ትንሽ ድንጋይ ያስቀምጣል። ሙስሊሞችም ቀብሩን ስለማያዘገዩና ቀላልነትን ስለሚመርጡ፣ አበባ ከማዘዝ ለሐዘንተኛው ቤት የተዘጋጀ ምግብ ማድረስ ይበልጣል። በሂንዱዎች ዘንድ የአበባ ጉንጉኑን ቤተሰቡ ያዘጋጃል፤ እንግዳ ባዶ እጁን ቢሄድ ነውር አይደለም፣ የሚለብሰው ግን ጥቁር ሳይሆን ነጭ ነው። ለቡድሂስት ቤተሰብ ነጭ አበባ ይስማማል፤ በተለይ ቻይናውያን ከሆኑ ቀይ የሠርግና የደስታ ቀለም ስለሆነ ፈጽሞ አይውሰዱ።

ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች በአብዛኛው አበባ ይቀበላሉ፤ እዚህ ላይ የሚያሳስተው ከሃይማኖቱ ይልቅ የአገሩ ልማድ ነው። ለሩሲያውያን ቀብር የሚወሰደው አበባ ቁጥሩ ሙሉ፣ ማለትም ሁለት፣ አራት ወይም ስድስት ይሆናል፤ ለልደት የሚሰጠው ግን ጎዶሎ ነው፤ ስለዚህ ባለሱቁ «አንድ በነጻ ልጨምርልዎ» ቢል እሺ አይበሉ። በፈረንሳይ ደግሞ ክሪሳንተመም በኖቬምበር 1 አካባቢ መቃብር ላይ የሚቀመጥ አበባ ነውና፣ ለቀብር ሲመጥን ለእራት ግብዣ ይዘውት ቢሄዱ አስተናጋጆችዎ ይደነግጣሉ።

ከገዙ በኋላ፣ ትልቁን ጉንጉን ወደ ቤት ሳይሆን ሥርዓቱ ወደሚፈጸምበት ስፍራ፣ ከሰዓቱ ቀደም ብሎ እንዲደርስ ይላኩት። ካርዱ ላይ «የሒሳብ ክፍል ባልደረቦች» ብቻ ብሎ ከመተው ሙሉ ስምዎን ይጻፉ፤ ቤተሰቡ በኋላ ካርዶቹን ሰብስቦ ለማመስገን ሲቀመጥ ላኪውን የሚያውቀው በዚያ ነው።

ሐዘንተኛው ኢትዮጵያዊ ከሆነ ግን፣ ዋሽንግተንም ሆነ ፍራንክፈርት፣ አበባ ልኮ ለቅሶ ቤት ያልደረሰ ሰው ያው እንዳልደረሰ ይቆጠራል።