ኢንዛይምን በአልጂኔት ዶቃ ማሰር፦ ማጠቢያውን ውሃ አትድፉት

ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ውድ ነው፤ ሥራውን ጨርሶ ከምርቱ ጋር ሲፈስ ማየት ያንገበግባል። የሚታሰረውም፣ ማለትም ሳያመልጥ እንዲሠራ በጠጣር ነገር ላይ ወይም ውስጥ የሚያዘውም፣ ለዚሁ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ኔልሰንና ግሪፊን በ1916 እ.ኤ.አ. ኢንቨርቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ከሰል ላይ ተጣብቆም ሱክሮስን (ተራውን ስኳር) ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ እንደሚሰብር አሳይተዋል። ለጀማሪ ግን እኔ ከአልጂኔት (ከባሕር አረም ከሚወጣው፣ ካልሲየም ሲነካው ከሚረጋው ነገር) ሌላ አልመክርም፤ ሲበላሽ በዓይን ይታያልና።

3 ግራም ሶዲየም አልጂኔት በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ አሟሙ። ውሃው እየተማሰለ ዱቄቱን በጥቂት በጥቂቱ ነስንሱት። በአንድ ጊዜ ከደፋችሁት ላዩ ርሶ ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይጓጉላል። አረፋው እንዲወጣለት አሳድሩትና በማግስቱ ኢንዛይሙን (እዚህ ምሳሌዬ ኢንቨርቴዝ ነው) ቀስ ብላችሁ ቀላቅሉ። በኃይል የመታ ሰው አረፋውን መልሶ ያስገባል።

በሌላ ዕቃ 29.4 ግራም ባለሁለት ውሃ ካልሲየም ክሎራይድ ወስዳችሁ ጠቅላላው አንድ ሊትር እስኪሆን በውሃ ሙሉት፤ 0.2 ሞላር ይሆናል። እያማሰላችሁ ድብልቁን በሲሪንጅ ጠብታ በጠብታ አውርዱበት። ጠብታው ፈሳሹን እንደነካ ላዩ ይረጋል። ዶቃው ጭራ ካወጣ መርፌውን ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ አሁንም ካወጣ አልጂኔቱ ወፍሯል። ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጥ፤ ከዚያ ዶቃዎቹን አውጥታችሁ እጠቧቸው።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት። የመጀመሪያዎቹን ዶቃዎቼን በፎስፌት በፈር (ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መጠን፣ እንዳይለዋወጥ በሚያደርግ ፈሳሽ) አስቀምጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጠዋት ስመለስ ብልቃጡ ውስጥ የቀረው ደፍራሳ ዝልግልግ ፈሳሽ ብቻ ነበር። ፎስፌት ካልሲየሙን ይነጥቃል፤ ዶቃውን የያዘው ደግሞ ካልሲየሙ ነው። ሲትሬትም ያው ነው። ለኢንቨርቴዝ ፒኤች 5 ገደማ የሆነ አሲቴት በፈር ይስማማዋል፤ ጥቂት ካልሲየም ክሎራይድ ጨምሩበት።

ዶቃዎቹ አምረው ወጡ ማለት ግን ኢንዛይሙ ታስሯል ማለት አይደለም። የአልጂኔት ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ ትንንሽ ኢንዛይሞች ሾልከው ይወጣሉ። ስለዚህ ዶቃዎቹን ያረጋችሁበትንም ያጠባችሁበትንም ፈሳሽ አስቀምጡ፤ ሱክሮስ ጨምራችሁ ግሉኮስ መፈጠሩን በመለኪያ ወረቀት እዩ። ከተፈጠረ ኢንዛይማችሁ እዚያ ነው ያለው።

ከሁሉ የማምነው ፈተና ሌላ ነው። ዶቃዎቹ ሱክሮስ እየሰበሩ ሳሉ በወንፊት አውጧቸውና የቀረውን ፈሳሽ በየአምስት ደቂቃው ለኩ። ግሉኮሱ ባለበት ከቆመ ሥራው የዶቃዎቹ ነበር። መጨመሩን ከቀጠለ የሚሠራው ያመለጠው ኢንዛይም ነው፤ ዶቃውን ደጋግሞ መጠቀም የሚባለውም ከንቱ ይሆናል። ያን ጊዜ ኢንዛይሙን ከመቀላቀላችሁ በፊት በግሉታራልዴሃይድ እርስ በርሱ አያይዙት። መጠኑን ከትንሽ ጀምሩ፤ ሲበዛ ኢንዛይሙን ራሱን ይገድላል። ጓንት አድርጋችሁ፣ በላቦራቶሪ የጭስ ማውጫ ሥር ሥሩ፤ ዓይንና ሳንባን ያቃጥላል።

ፈሳሹ ንጹሕ ሆኖ ሥራው አሁንም ከዘገየ ጥቂት ዶቃዎች ፍጩና እንደገና ለኩ። ፍጥነቱ ከዘለለ ሱክሮሱ እስከ መሐል እየደረሰ አልነበረም፤ ቀጭን መርፌ ወስዳችሁ ዶቃውን አሳንሱ።