ኮራሉ ነጣ? መብራቱን ፈትሹ

ዱባይ ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም ያላቸው ሰዎች ቤት እየዞርኩ እጠግናለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምጠራው በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ኮራሉ ነጣብኝ፣ ምን ነካው?» ኮራል ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው። የውሃውን ጨው፣ ሙቀትና ናይትሬት (ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣ ንጥረ ነገር) ለክታችሁ ደህና ከሆነ ወደ መብራቱ እንሂድ።

ምልክት፦ ኮራሉ ከአናቱ ጀምሮ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይነጣል።

ምክንያት፦ አዲስ ኤልኢዲ ተገዝቶ በመጀመሪያው ቀን በሙሉ ኃይሉ ተለቀቀ። ከአሥር ስምንቱ ይኼ ነው። ኮራሉ ሥጋ ውስጥ አልጌ የሚባሉ፣ እንደ ተክል በብርሃን የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ነገሮች አሉ። ቀለሙም ምግቡም በአብዛኛው ከእነሱ ነው። ብርሃኑ ሲበዛ ኮራሉ ያባርራቸዋል። ሥጋው እንደ መስታወት ይሆንና ነጩ አጽም ይታያል።

አንድ ደንበኛዬ የድሮዎቹን ቲ5 አምፖሎች (ቀጫጭን የፍሎረሰንት ዘንጎች) አንስቶ ሁለት ኤልኢዲ ሰቀለ። «ደብዛዛ ነው» ብሎ ሰማያዊውን መቶ በመቶ አደረገው። በአሥረኛው ቀን ደወለ። ስደርስ አክሮፖራው (ቅርንጫፍ ያለው ጠንካራ ኮራል) እንደ ኖራ ነጥቷል። ድንጋዩ ያጠላበት ጎን ግን ቡናማ እንደሆነ ነው። ነጩና ቡናማው የሚገናኙበት ቦታ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ፓር ሜትሩን፣ ማለትም አልጌዎቹ የሚጠቀሙበትን ብርሃን (ፓር) የሚለካውን መሣሪያ፣ ውሃ ውስጥ ስነክረው 520 አለ። በድሮው መብራት የለካሁት 180 ነበር።

ስለዚህ በዓይናችሁ አትለኩ። ዓይን ሰማያዊ ብርሃንን አሳንሶ ነው የሚያየው። የስልክ መተግበሪያም ያው ነው። ፓር ሜትር ውድ ነው፣ ግን ለአንድ ቀን ተዋሱ ወይም ተከራዩ።

መፍትሄ፦ ዛሬውኑ ኃይሉን በግማሽ ቀንሱ፣ ወይም መብራቱን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ከዚያ በየሳምንቱ 5 በመቶ ብቻ ጨምሩ። ለስላሳ ኮራል ከ50 እስከ 150 ፓር ይበቃዋል፤ አክሮፖራ ከ200 እስከ 350። መብራቱ በቀን ለ8 ወይም ለ10 ሰዓት ያህል ይብራ። ኮራሉን ከቦታ ቦታ አታዟዙሩት። ደግሞ እባካችሁ፣ ነጣ ብላችሁ አትጣሉት! ሥጋው ካለ አልሞተም። ያ አክሮፖራ በአራተኛው ወር ቀለሙ ተመልሷል።

መብራቱን ሳትነኩ ከነጣ፣ ሰሞኑን አዲስ የከሰል ማጣሪያ ጨምራችሁ እንደሆነ አስታውሱ። ቢጫ ያዘለ ውሃ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል። ከሰሉ ውሃውን ድንገት ሲያጠራው ብርሃኑ ይጨምራል። ከሰል ትንሽ በትንሽ ነው የሚገባው።

ምልክት፦ ኮራሉ ቡናማ ሆነ፣ ወደ ላይ ተንጠራራ።

ብርሃን አንሶታል። አዲስ መብራት ከመግዛታችሁ በፊት የመብራቱን መስታወት በጣታችሁ ዳብሱት። ጨው ጋግሮበት ይሆናል። ከሶኬቱ ንቀሉት፣ ይቀዝቅዝ፣ በንጹህ ውሃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉት። ሁለት ሺህ ድርሃም ሊያወጣ የነበረ ሰው ቤት 90 የነበረው ፓር በጨርቅ ብቻ 150 ገብቷል። ቲ5 ከሆነ ደግሞ አምፖሉን በዓመት አንዴ ቀይሩ።

ምልክት፦ መብራቱ ቀትር ላይ ራሱ ይጠፋል።

መብራቱን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ በጨው ተደፍኗል። አጽዱት።

ስትገዙ ሣጥኑ ላይ በተጻፈው ዋት አትታለሉ። ርካሾቹ ላይ የተጻፈውና መብራቱ የሚስበው አይገናኝም፤ ለክቼ አይቻለሁ። ሰማያዊውና ነጩ ለየብቻ የሚቀነስ፣ ብርሃኑም በአብዛኛው ከ420 እስከ 480 ናኖሜትር (ወደ ሰማያዊ የሚያደላው የብርሃን ሞገድ) የሆነ ምረጡ። ቀይ ባሕር ውስጥም ጠለቅ ሲባል ቀዩ ብርሃን ቶሎ ይጠፋል፣ ሰማያዊው ነው የሚዘልቀው። ኮራሉ የለመደው እሱን ነው። ነጩን አብዝታችሁ ቀኑን ሙሉ ካበራችሁ፣ ናይትሬትና ፎስፌት ባለበት ውሃ ድንጋዩን አረንጓዴ ሣር ይወርሰዋል።

በመቆንጠጫ ብቻ የሚያዝ መብራት ውሃው ላይ አትስቀሉ። አንድ ቤት ወድቆ ውሃ ውስጥ እየበራ አግኝቼዋለሁ። እንዲህ ካጋጠማችሁ እጃችሁን ከመክተታችሁ በፊት ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ አጥፉ። ገመዱም ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ ይታጠፍ። ያኔ ገመዱን ይዞ የሚወርድ ውሃ መሬት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።