የወንዙ ዕቅድ ሲወጣ የአጥማጆች ድምፅ እንዲገባ እንዴት ማድረግ ይቻላል

በመንጠቆ አሳ የምታጠምዱ ሰዎች ወንዛችሁን አብጠርጥራችሁ ታውቁታላችሁ። አሳው የትኛው ጠጠር ላይ እንቁላሉን እንደሚጥል፣ ግድቡ ውሃ ሲይዝ የትኛው ቦታ ቀድሞ እንደሚጎድል። ግን ውሃው ለማን ስንት እንደሚደርስ የሚወስነው የወንዙ ዕቅድ ሲወጣ ጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡት የመስኖ፣ የኃይል ማመንጫና የመጠጥ ውሃ ሰዎች ናቸው። እኛ ብዙ ጊዜ የለንም። እዚያ ለመግባት የሚያስፈልገውን እኔ የተማርኩት ከስህተቴ ነው፤ እናንተ በዚያ መንገድ እንዳታልፉ ነው የምጽፈው።

1. ቀኑን ቀድማችሁ እወቁ

የመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት ለሕዝብ በተጠራው ስብሰባ ላይ ነበር። እጄን አወጣሁ፣ አሳው እንዴት እየጠፋ እንደሆነ አሥር ደቂቃ ያህል ተናገርኩ፣ ሰውም አጨበጨበልኝ። በኋላ ቃለ ጉባኤውን ሳገኘው ንግግሬ በሙሉ «የአሳ ሁኔታ እንዲታይ ተጠይቋል» በምትል አንድ መስመር አልቋል። ለካ ረቂቁ ከወራት በፊት ተጽፎ፣ ውሃው ለማን ስንት እንደሚሰጥ ተከፋፍሎ አልቆ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ ዕቅዱን የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ሦስት ቀን ጠይቁ፦ የችግሮቹ ዝርዝር የሚወጣበትን፣ ረቂቁ የሚወጣበትን፣ አስተያየት መቀበል የሚዘጋበትን። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይሄ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የውሃ ሕግ ተደንግጓል። ዕቅዱ በየ6 ዓመቱ ይከለሳል። የሥራ መርሐ ግብሩ የዕቅዱ ዘመን ከመጀመሩ ቢያንስ 3 ዓመት በፊት፣ ዋና ዋና ችግሮቹ ከ2 ዓመት በፊት፣ ረቂቁ ደግሞ ከ1 ዓመት በፊት ይወጣሉ። ለእያንዳንዳቸው ቢያንስ የ6 ወር የጽሑፍ አስተያየት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበትም ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ መጀመሪያ ችግሩ ይዘረዘራል፣ ከዚያ መፍትሔው፣ ከዚያ ገንዘቡ። የችግሮቹ ዝርዝር ላይ ካልገባችሁ በኋላ ገንዘብ ማግኘት ከባድ ነው። እኔ ብጠየቅ ኃይላችሁን ሁሉ እዚያ ላይ አውሉት እላለሁ።

2. ወኪል ምረጡ፣ ውክልናውንም በወረቀት ያዙ

በዚያው ስብሰባ ላይ «አጥማጆች እንዲህ ይላሉ» ስል ከኋላ አንድ ሰው ተነስቶ «እኔም አጥማጅ ነኝ፣ ማንም አልጠየቀኝም» አለ። ልክ ነበር። እሱ ከታችኛው በኩል በመረብ አስግሮ የሚያድር ሰው ነው፣ እኔ ደግሞ ላይኛውን ብቻ ነው የማውቀው።

ከላይም ከታችም፣ በመንጠቆም በመረብም የሚሠራውን ጥሩ። የምትስማሙበትን ሦስት ነጥብ ጻፉና ፈርሙ። አንድ ወኪልና አንድ ተተኪ ይበቃል። በቋሚነት የምትቀመጡበት ወንበር እንዳለም አጣሩ። ለምሳሌ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የውሃ ሕጓ የተፋሰስ ኮሚቴዎችን ስታቋቁም ውሃ ተጠቃሚዎች እንዲወከሉበት አድርጋለች፤ የአጥማጆች ማኅበራትም እዚያ ይቀመጣሉ። እናንተ ጋ ወንበር ከሌለ በታዛቢነት እንድትገቡ በደብዳቤ ጠይቁ።

3. የምታውቁትን ወደ ቁጥር ቀይሩት

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «አሳ ጠፋ» ስትሉ መሐንዲሱ ራሱን ይነቀንቅና ወደ ሠንጠረዡ ይመለሳል። ሠንጠረዥ ይዛችሁ ስትመጡ ግን ቁጭ ብሎ ያያል።

ደብተር ያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ሰዓት እንዳጠመዳችሁ፣ ስንት አሳ፣ ምን ዓይነት፣ ርዝመቱ፣ የውሃው ሙቀት። ምንም ያልያዛችሁበትንም ቀን ጻፉ! እኔ ለሁለት ዓመት የያዝኩበትን ቀን ብቻ ጽፌ ደብተሩ ወንዙን ጤነኛ አስመሰለው፤ ያን ሁሉ ልፋት መጣል ነበረብኝ። ጠቃሚው ቁጥር በአንድ ሰዓት ስንት አሳ ተያዘ የሚለው ነው፣ ባዶ ሰዓቶቹ ካልተቆጠሩ ደግሞ እሱ አይወጣም።

ኦክስጅን የምትለኩ ከሆነ ጎህ ሲቀድ ለኩ። የውሃ ውስጥ ተክሎች ቀን ኦክስጅን ያወጣሉ፣ ሌሊት ግን እነሱም እንደ አሳው ይጠቀሙታል፣ ስለዚህ በጣም የሚያንሰው ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ነው። ረፋድ ላይ የተለካ ቁጥር ደህና መስሎ ይታያል። ሙቀትም አብሮ ይመዝገብ፤ ንጹሕ ውሃ በ10 ዲግሪ በሊትር 11 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ይወርዳል። ኦክስጅኑ ከ5 ሚሊግራም በታች ሲሆን ብዙ የአሳ ዓይነቶች ይጨነቃሉ። ርካሽ የኦክስጅን መለኪያ በየጊዜው ካልተስተካከለ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል፣ ስለዚህ ገንዘብ ካነሰ ጥሩ ቴርሞሜትር ብቻ ግዙ።

ሌላው ዘዴ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ወንዙ ውስጥ ቁሙ፣ ከእግራችሁ ውሃው ወደሚወርድበት በኩል ወንፊት መረብ ያዙ፣ ጠጠሩን በእግራችሁ ለ3 ደቂቃ ቀስቅሱ። መረቡን ነጭ ሳህን ላይ ስትገለብጡት ጭራቸው ሦስት የሆነ ጠፍጣፋ የነፍሳት እጮች ሲርመሰመሱ ታያላችሁ። እነሱ ቆሻሻ አይችሉም። ቁጥራቸው በድንገት ከወረደ ከላይ የሆነ ነገር ተለቆ ሊሆን ይችላል። በብሪታንያ አጥማጆች በየወሩ ይህን ይቆጥራሉ፣ ከተወሰነው መጠን ሲያንስ ለተቆጣጣሪው ያሳውቃሉ።

ፎቶ ሁሌ ከአንድ ድንጋይ ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ አንሱ።

4. አስተያየቱን ጻፉ

ከአንድ ገጽ አይብለጥ። «ለአሳ ትኩረት ይሰጥ» አትበሉ፣ ማንም እሺ ብሎ ምንም ሳያደርግ ያልፈዋል። የረቂቁን ገጽና አንቀጽ ጠቅሳችሁ የሚተካውን ዓረፍተ ነገር ራሳችሁ ጻፉላቸው። የእኛ እንዲህ ይል ነበር፦ «ኃይል ማመንጫው ውሃ ሲቀንስ በድንገት ሳይሆን በደረጃ ይቀንስ፣ በተለይ እንቁላል በሚጣልባቸው ወራት።» ምክንያቱንም ከስሩ አስገባን፤ ተርባይኑ ሲዘጋ ውሃው ቶሎ ይሸሽና ገና የተፈለፈሉት አሳዎች ጠጠር መሃል ደርቀው ይቀራሉ። ከደረቁት መሃል የአንዱን ፎቶ ከነቀኑና ከነሰዓቱ አያያዝን።

አንድ ደብዳቤ አባዝታችሁ መቶ ሰው አታስልኩ። ብዙ ጊዜ እንደ አንድ አስተያየት ነው የሚያዘው። አምስት ሰው በራሱ ቃል፣ በራሱ ቦታ ላይ ቢጽፍ ይሻላል። ስታስገቡ የደረሰኝ ማኅተም ተቀበሉ።

5. መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ

ካልተቀበሉትም ምክንያቱን ይጻፉላችሁ፤ ለሚቀጥለው ዙር የምትነሱት ከእሱ ነው። የእኛ ዓረፍተ ነገር በሁለተኛው ዙር ገባች። አሁን የውሃ መልቀቂያ ሰሌዳውን በየወሩ እየወሰድኩ፣ ውሃው በእውነት በደረጃ መውረዱን ከዚያችው ድንጋይ ላይ ሆኜ ከሰዓቴ ጋር አመሳክራለሁ።